ባዶ ወረቀት ላይ አታስፈርሙ
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም የድሮ የመድረክ ሰዎችን ፊርማ እንደምሰበስብ በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ዝግጅት ክፍሉም “ጋሼ፣ የዚህን ወር ዓምድ ለእነሱ ይስጧቸው” አለኝ። ይኸው ሰጠሁ።

ለማታውቁኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ዕድሜዬን የፈጀሁት መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ስለ ድምፅና ስለ ትወና ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሞልቷል። ስለ ወረቀት፣ ስለ ቀለምና ስለ ማህተም ግን እኔን ጠይቁ።

“ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ሰው የጥላሁን ገሠሠን ፎቶ፣ ‘ራሱ የፈረመበት ነው’ ብሎ ሊሸጥልኝ ነው። ፊርማው በጥቁር ማርከር ነው። ከሥሩ ‘መስከረም 2002’ የሚል አለበት። ዋጋው ትንሽ ከበድ ይላል። ልግዛው?”
የጥላሁን አፍቃሪ፣ ከሸዋ ሮቢት

ኧረ በፍጹም! ጥላሁን ያረፈው በሚያዝያ 2001 ነው። ነፍሱን ይማርና፣ መስከረም 2002 ላይ ማንም ሊያስፈርመው አይችልም። ሻጩ ቀን ባይጨምርበት ኖሮ ምናልባት ይሸውድህ ነበር። ማሳመር ፈልጎ ራሱን አጋለጠ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣልህ ከፊርማው በፊት ዙሪያውን እይ። በምን ተጻፈ? ርካሹ የቢክ እስክሪብቶ ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ የወጣው በእኛ 1943 ነው። ዛሬ ሁሉም ኪስ ውስጥ ያለው ቀጭን ማርከር ደግሞ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። “በ1945 የተፈረመ” ብለውህ ጽሑፉ የቀጭን ማርከር ከሆነ ነገሩ አልቋል።

ቀጥሎ የቤቱን ስም እይ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ሲከፈት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። ስሙ የተቀየረው ከአብዮቱ በኋላ ነው። “ብሔራዊ ቴአትር፣ 1955” የሚል የታተመ ፕሮግራም ካሳዩህ ሻይህን ጨርሰህ ተነሥ። ሀገር ፍቅር ግን በ1927 ማኅበር ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ በስሙ አለ። እዚያ በኩል በስም አትይዛቸውም።

ከዚያ ፎቶውን ወደ መስኮት ይዘህ ሂድና ገደድ አድርገው። በእስክሪብቶ የተፈረመ ከሆነ የተጫነበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። ጀርባውን በጣትህ ብትዳብስም ይሰማሃል። አጉሊ መነጽር ካለህ መስመሩን ተከተለው። ጥቃቅን ነጠብጣብ ካየህ የፈረመው ማተሚያ ቤት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ፊርማው ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ብዙ ሰው “በነጭ ቀለም ፈርሞልኝ” እያለ ያሳየኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በድሮው አሠራር ጽሑፉ ኔጋቲቩ ላይ በቀለም ይጻፋል። ቀለሙ ብርሃን አያሳልፍም። ፎቶው ሲታጠብ ያ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ኔጋቲቭ መቶ ፎቶ ቢታጠብ መቶውም ላይ ያው ነጭ ጽሑፍ አለ። ሐሰተኛ አይደለም፣ ግን የዘፋኙ እጅ አንተ የያዝከውን ወረቀት አልነካውም። እኔ እንዲህ ያሉትን ለብቻ ነው የማስቀምጣቸው።

“ጋሼ፣ ሴት አያቴ ካረፉ በኋላ ሳጥናቸውን ስንከፍት ከነጠላዎቹ ሥር አንድ ፎቶ አገኘን። ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ጀርባው ላይ ግን የወንድ ስም ነው የተፈረመው። ‘ለማይረሳው ወዳጄ መታሰቢያ ይሁን፣ 12/3/47’ ይላል። እናቴ ‘ስሙ በስህተት ነው የተጻፈው’ ትላለች። አጎቴ ‘የፈረመው ባሏ ነው’ ይላል። ማን ልክ ነው?”
ግራ የገባው፣ ከመሐል ሜዳ

ምናልባት ሁለቱም አይደሉም። ደብዳቤህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

በድሮው መድረክ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ ሰው ፊት ቆማ መጫወቷ እንደ ነውር ይታይ ነበርና ተዋናይት አይገኝም። ስለዚህ ጢሙን የተላጨ ወጣት ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ይወጣል። አባባ ተስፋዬ እያልን ያደግንባቸው ተስፋዬ ሣህሉ ከቴሌቪዥኑ የልጆች ፕሮግራም በፊት በመድረክ ላይ ሴት ሆነው ተጫውተዋል። በኋላ እነ አስናቀች ወርቁ መጡ። አስናቀች መድረክ ላይ ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት፤ ክራሯን ደግሞ ማን ይረሳዋል። እነሱ ከመጡ በኋላ ቀሚሱ ለባለቤቱ ተመለሰ።

እናም ፎቶህ ላይ ያለችው “ሴት” ፈራሚው ራሱ ሊሆን ይችላል። የአባባ ተስፋዬ ነው እያልኩህ አይደለም፣ እንዳትሮጥ። በዚያ ዘመን እንዲህ የሠሩ ሌሎችም ነበሩ። ግን ልታጣራው የምትችለው ነገር እጅህ ላይ አለ።

ፎቶውን ደጅ፣ ጥላ ውስጥ ሆነህ በደንብ እይ። ፊቱን ተወው፣ ፊት ያታልላል። እጁን እይ። የእጅ አንጓውን፣ የጣቶቹን ውፍረት። ከዚያ ከቀሚሱ ጫፍ ሥር ጫማው ይታይ እንደሆነ እይ። ቀሚስና ሻሽ ከእህት ይለመናል፣ በእግር ልክ የሚሆን የሴት ጫማ ግን ለወንድ ከየት ይመጣል? እኔ ዘንድ ያለች አንዲት ፎቶ ላይ ከጥልፉ ቀሚስ ሥር ባለማሰሪያ የወንድ ጫማ ብቅ ብሏል፤ ያውም አንዱ ማሰሪያ ተፈትቶ። ከኋላ ያለውንም እይ። ግድግዳ ነው? ፎቶ ቤት የሚሰቀል ሥዕል ነው? መጋረጃ ነው? የመድረክ መጋረጃ እጥፋቱ ትልልቅ ነው፣ እስከ ወለል ይወርዳል።

አሁን ወደ ቀኑ። 12/3/47 በእኛ ከሆነ ኅዳር 12 ቀን 1947 ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ መጋቢት 1939 ላይ ይወድቃል። ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። እንዴት ትለያለህ? ጀርባው ላይ ሌላ ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ ከሆነ የእኛ አቆጣጠር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በግእዝ ቁጥር የተጻፈ አንድ ነገር ካለበትማ ዕድሉ ይበልጥ ይሰፋል። የፎቶ ቤቱ ማህተም ካለ እሱን አንብብ። ደብዝዞ ከሆነ በስልክህ ፎቶ አንሣና ብርሃኑን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ አንዳንዴ ይወጣል።

ትልቁ ጥያቄ ግን “ለማይረሳው ወዳጄ” የተባለው ማን ነው የሚለው ነው። “ለማይረሳው” ስለሚል የተጻፈው ለወንድ ነው። አያትህ ሴት ናቸው። ወንዱ አያትህስ? አዲስ አበባ ኖረዋል? ወታደር ነበሩ? ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ፎቶውን እያሳየህ ጠይቅ። የሚሉህን ሁሉ፣ የሚጋጨውንም ጭምር፣ በሌላ ወረቀት ጻፍ። ማን እንዳለህና መቼ እንዳለህ ጨምርበት። እናትህና አጎትህ የሚሉትንም ጻፈው። ፎቶው ላይ ግን ምንም እንዳትጨምር።

“ጋሼ፣ ጎረቤታችን እትዬ ... በደርግ ጊዜ የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ነበሩ። ዛሬም ቡና ሲያፈሉ ድምፃቸው ደጅ ድረስ ይሰማል። ንጹሕ ወረቀት ይዤ ሄጄ ‘ይፈርሙልኝ’ ብላቸው ተቆጡኝ። ‘ምን ዕዳ ልታሸክሚኝ ነው?’ አሉኝ። አሁን ሰላምታቸው ራሱ ቀዝቅዟል። ምን ላድርግ?”
አክባሪዎ፣ ከደብረ ሲና

እትዬ ልክ ናቸው። ስማቸውን ከደብዳቤው የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ሳይፈቅዱ መጽሔት ላይ እንዳናወጣቸው።

አንቺ ፊርማ ስትዪ የምታስቢው አድናቂና ዝነኛን ነው። እሳቸው ፊርማ ሲባል የሚመጣባቸው ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት፣ ዋስትናና የብድር ውል ነው። በእሳቸው ዘመን ሰው የሚፈርመው አንድ ነገር ሊሰጥ ወይም ሊወሰድበት ሲል ነበር። ያውም ባዶ ወረቀት! ባዶ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው ከላይ ምን እንደሚጻፍበት አያውቅም። እኔ መዝገብ ቤት ሆኜ ከባዶ ወረቀት ፊርማ የተነሣ የመሬት ክርክር አይቻለሁ። ማንንም፣ በተለይ አዛውንትን፣ ባዶ ወረቀት ላይ አታስፈርሙ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ፊርማውን እርሺው። ለበዓል “እንኳን አደረሰዎ” ለማለት ሂጂ። ስኳርና ቡና ይዘሽ ብትሄጂ አይከፋም፣ የደብረ ሲና ቆሎ እንደሆነ ከቤትሽ አይጠፋም። ቡናው ላይ ስለ ኪነቱ ጠይቂያቸው። ግን “እንዴት ነበር?” ብለሽ አትጠይቂ። እንዲህ ያለ ጥያቄ “ጥሩ ነበር” የሚል መልስ ያመጣና ይዘጋል። “ልብሱን ማን ሰፋላችሁ?” በያቸው። “ከበሮውን ማን ነበር የሚመታው? በምን መኪና ነበር የምትሄዱት? ማደሪያችሁ የት ነበር?” ያኔ ይከፈታሉ። በዚያ ጊዜ ኪነት ያልነበረው አውራጃ የለም ማለት ይቻላል፤ ይፋትና ጥሙጋም፣ መንዝና ግሼም፣ ተጉለትና ቡልጋም፣ መርሐቤቴም። በየወረዳው እየዞሩ፣ ለሰልፍና ለበዓል እየተጠሩ ዘፍነዋል። ስማቸው ግን ካሴት ላይ የለም። የአንዳንዶቹ ያለው ሰዎች ትዝታ ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው እኔ ከዝነኞቹ ይልቅ የእነዚህን ፊርማ የምወደው።

ፎቶ ካላቸው “ኮፒ ላስደርግልዎት” በያቸው። ሁለት አሳጥቢ። አንዱን ለእሳቸው፣ በፍሬም። ሁለተኛውን ይዘሽ ስትሄጂ መጀመሪያ ጀርባው ላይ ጽሑፉን ራስሽ ጻፊው፤ “ይህ ፎቶ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ቦታ የተነሣ ነው፤ ለእገሊት መታሰቢያ ሰጠሁ” የሚል። ከዚያ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ከጽሑፉ ሥር ተጠግተው ይፈርሙ፤ በመሐል ሰው ሌላ ነገር የሚጨምርበት ቦታ አይኑር።

ደግሞ አንድ ነገር። ባንክ የሚያውቀውን ፊርማ አታስፈርሚያቸው። ስማቸውን ከነአባታቸው በእጃቸው ይጻፉልሽ። ለእኔ ይኼ ከተጠማዘዘ ፊርማ ይበልጣል። የዘመኑ የእጅ ጽሕፈት ይታይበታል፣ ይነበባልም። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ብትለጥፊውም ሌባ አይጠቀምበትም። ለነገሩ ባትለጥፊው ደስ ይለኛል።

መጻፍ የማይችሉ ከሆነስ? አሻራ! “አሻራማ ምን ያደርጋል” የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ብዙ የድሮ አዝማሪዎችና የባህል ተጫዋቾች ገንዘብ ሲቀበሉ የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነው። እኔ ዘንድ የአንድ የመንዝ መሰንቆ ተጫዋች አሻራ አለ፤ የውሎ አበል የተቀበሉበት ወረቀት ላይ። ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው፣ በግራ በኩል ትንሽ ተድበስብሷል። መሐሉ ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር አሻራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። የማጭድ ጠባሳ ናት ብዬ ነው የማስበው። ሰውየው መድረክ ላይ ቢወጡም ገበሬ ነበሩና። ጸሐፊው ከጎኑ ስማቸውን ጽፎ፣ ሰርዞ፣ እንደገና ጽፎታል። የትኛው ዝነኛ ፊርማ ነው ይህን ያህል የሚነግረኝ?

አሻራ ስታስደርጊ የማህተም ቀለም ተጠቀሚ፣ ግን ጣታቸውን በደንብ አትንከሪው። ቀለም ሲበዛ መስመሮቹ ይሞላሉ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይቀርሻል። ነካ አድርገው፣ ወረቀቱ ላይ ከጎን ወደ ጎን አንዴ ያንከባልሉት። ከጎኑ የማን አሻራ እንደሆነ ጻፊ፤ አጠገባችሁ የነበረ ሰውም ስሙን ይጻፍ። ለእጃቸው ሳሙናና ሙቅ ውሃ አዘጋጂ።

እምቢ ካሉ ተያቸው። ዘፈናቸውን በስልክሽ ቅጂ፣ እሱንም አስፈቅደሽ።

“ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። አባቴ የድሮ ዘፋኞች የፈረሙባቸው ሁለት ሸክላዎች ሰጠኝ። ጓደኞቼ ‘ለዩኒቨርሲቲ ኪስ ገንዘብ ሽጠው’ ይሉኛል። አልሸጥም ስላቸው ሙድ ይይዙብኛል። ለመሆኑ ስንት ያወጣሉ?”
ከደብረ ብርሃን

ፊርማዎቹ የሚሻሙባቸው ሁለት ሰዎች ካልተገኙ በስተቀር ዋጋ የላቸውም። አገራችን ውስጥ የፊርማ ገበያ ዋጋ የሚባል የለም፤ ዋጋ የሚነግርህ ሰው ወይ ካንተ ሊገዛ ወይ ሊሸጥልህ የፈለገ ነው። ሸክላዎቹ ግን ለብቻቸውም ይፈለጋሉ። በተለይ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የወጡት የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች፣ እንዲሁም የካይፋ፣ ውጭ አገር ድረስ ፈላጊ አላቸው። አባትህ በሕይወት ስላለ የት፣ መቼና እንዴት እንዳስፈረመ ዛሬ ማታ ጠይቀው፣ እሱ ራሱ በእጁ እንዲጽፍልህ አድርግ። ከዚያ ብትሸጥም ባትሸጥም የራስህ ጉዳይ ነው። ሸክላዎቹን ደግሞ አቁመህ አስቀምጣቸው፤ ተደራርበው ከተኙ ይጎብጣሉ።

“ጋሼ፣ አንኮበር ነን። የአባቴ የቴአትር ፕሮግራሞችና ፊርማ ያለባቸው ፎቶዎች በጭጋጉ ምክንያት ሻገቱብኝ። አንዱ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። በስኮች ለጥፌ ሁሉንም ላሚኔት ላስደርጋቸው አስቤያለሁ። ምን ይላሉ?”
ከአንኮበር

እግዜር ይስጥሽ የጠየቅሽኝ! ሰው መጀመሪያ አድርጎ ኋላ ነው የሚጠይቀኝ።

ላሚኔት አታስደርጊ። ወረቀቱ በሙቀትና በሙጫ ከፕላስቲክ ጋር አንድ ይሆናል፤ የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ እንደማይሆነው እሱም አይመለስም። ሙቀቱ አንዳንድ ቀለም ያፈሳል። የድሮ ፎቶማ ፊቱ ሊበላሽ ይችላል። መታወቂያ ላሚኔት ይደረጋል፣ ምክንያቱም መታወቂያ ሲያረጅ ሌላ ይሰጥሻል።

ስኮችም ይቅር። ዛሬ ንጹሕ ይመስላል፣ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይነሣና ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። እኔ ቤት በስኮች የተቃጠለ አንድ ፕሮግራም አለ፤ የተዋንያኑ ስም ላይ ቡናማ መስመር አልፎበታል። የተቀደደውን ሁለቱን ጫፍ አገናኝተሽ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አስተኚው። ይበቃዋል።

ሻጋታውን አሁኑኑ በጨርቅ አትፈግፍጊው፣ ታሰራጪዋለሽ። ፀሐይ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ ወረቀቶቹን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ አንድ በአንድ ዘርጊያቸው። ነፋሱ እንዳይወስዳቸው ግን። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አታስጪ፣ ፀሐይ ቀለም ይበላል። በደንብ ሲደርቁ፣ አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ደጅ ሆነሽ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለሽ ጥረጊ። ፊርማው ላይ ሲደርስ ብሩሹን አንሺ። በካውያ የሚያስተካክሉም አሉ፤ እባክሽ።

አቀማመጡ ላይ። ስፒልና የብረት ክሊፕ ካለባቸው አውጪ፤ በእናንተ ጭጋግ በአንድ ክረምት ይዝጋል። ጋዜጣ ውስጥ አታስቀምጪ፣ ጋዜጣ ራሱ ቢጫ ሆኖ አጠገቡ ያለውንም ቢጫ ያደርጋል። ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ያለበት የፎቶ አልበምም ይቅርብሽ፣ ከፎቶው ፊት ጋር ይጣበቃል። በመሐላቸው ነጭ የማተሚያ ወረቀት እያደረግሽ በካኪ ፖስታ ወይም በካርቶን ሳጥን አስቀምጪ። ሳጥኑ መሬት ላይ አይሁን፣ ደጅ ከሚነካው ግድግዳ ይራቅ፣ ጭስ ካለበት ክፍልም ይራቅ። ናፍታሊን ብታደርጊ ወረቀቱን አይንካው። ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለግሽ ኮፒውን ስቀዪ። ከክረምት በኋላ፣ መስቀል አካባቢ፣ ሳጥኑን ከፍተሽ እያቸው።

መጻፍ ካለብሽ ደግሞ በእርሳስ፣ ጀርባው ላይ፣ ጥግ ላይ፣ ሳትጫኚ። በእስክሪብቶ ጀርባው ላይ የምትጽፊው ከፊት ይወጣል።

“የተከበሩ ጋሼ፣ ተጉለት ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን ይዤ ከአካባቢያችን ሰው መጀመር እፈልጋለሁ። ከሰሜን ሸዋ የወጣ የድሮ የመድረክ ሰው አለ?”
ከተጉለት

ይገርማል፣ አጠገብዎ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአገራችን ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐወርያት ተክለ ማርያም የሰያደብር ሰው ናቸው። ሩሲያ ተምረው የመጡት፣ የ1923ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ከበደ ሚካኤልም ተውኔት ጽፈዋል፣ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው።

ተዋንያን አይደሉም ይሉኝ ይሆናል። አዎ። ግን የጸሐፊ ፊርማ ከተዋናይ ፊርማ ለማግኘት ይቀላል። ተዋናዩ መጋረጃ ሲዘጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ግን መጽሐፉን ለወዳጅ ሲሰጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጽፍበታል። ስለዚህ ተማሪዎቹ የየቤታቸውን አሮጌ መጻሕፍት የመጀመሪያ ገጽ ገልጠው ይምጡ። መጽሐፉን ራሱን ትምህርት ቤት እንዳያመጡ ግን ይንገሯቸው፤ በስልክ ፎቶ ይበቃል። ትምህርት ቤት የመጣ መጽሐፍ መንገድ ያበዛል።

“ጋሼ፣ ከሱቅ በርበሬ ገዝቼ ስፈታው መጠቅለያው የኪነት ቡድን የውሎ አበል ዝርዝር ሆኖ አገኘሁት። በታይፕ የተጻፈ ነው። ከየስሙ ፊት ለፊት ፊርማና አሻራ አለ። ማህተምም አለው። ዘይትና በርበሬ ነክቶታል። የኔ ነው ማለት እችላለሁ?”
ከዓለም ከተማ

ይህን እስክታነብ እንዳትጠብቅ ብዬ ዝግጅት ክፍሉን ስልክህን ጠይቄ ነበር፤ አላስቀመጥክም። ስለዚህ በጽሑፍ ልንገርህ።

አሁን ተነሥተህ ሱቁ ሂድ። ባለሱቁ መጠቅለያውን በኪሎ ነው የገዛው። ከቆራሌው ገዝቶት ይሆናል፣ ወይም ዕቃ ያስወገደ መሥሪያ ቤት ሸጦለት ይሆናል። የቀረው ክምር ገና እዚያው አለ። “በገዛህበት ላይ ጨምሬ ሁሉንም ልውሰድ” በለው። ምን እንደሆነ አስረዳው፣ አትሸውደው። ንጹሕ ጋዜጣ ወስደህ ቀይርለት፣ መጠቅለያ ይፈልጋልና። ከየት እንደገዛውም ጠይቀህ ጻፍ።

ወረቀቱን አትጠበው። በርበሬውን ደረቅ ብሩሽ ያነሣልሃል። ዘይቱ አይወጣም፣ ተወው። ዘይት የነካውን ከሌሎቹ ጋር አታስጠጋ፣ ይጋባባቸዋል። የፊትና የጀርባውን ፎቶ አንሣ፤ ቁጥሩና ቀኑ፣ ማህተሙም ጭምር በደንብ እንዲታይ።

የኔ ነው ወይ ላልከው፣ ማህተም ያለበት የመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው። እኔ ብሆን ኮፒውን እይዝና ዋናውን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስረክባለሁ። በባዶ እጅህ ግን አትመለስ፤ የተረከበው ሰው የተፈረመበትና ማህተም ያረፈበት የርክክብ ወረቀት ይስጥህ። እዚያ የሚቀበልህ ካጣህ አዲስ አበባ ያለው ቤተ መዛግብት አለ፣ የድሮው ወመዘክር። አንዳንድ ሰብሳቢ “ለመንግሥት መልሰህ ልትሰጥ? ተመልሶ በርበሬ ይጠቀለልበታል” ይልሃል። ሥጋቱ ይገባኛል፤ እዚያ ነው የኖርኩት። ለዚያ ነው ፎቶውንና ርክክቡን አስቀድም ያልኩህ።

የገንዘቡን ዝርዝርና ስሞቹን ኢንተርኔት ላይ አታውጣ። ከእነዚያ ሰዎች መሐል ዛሬም እዚያው ከተማ ገበያ የሚወጡ አይጠፉም። ዝርዝሩን ይዘህ አንድ ታላቅ ሰው ጠይቅ፣ ማን እንዳለ ይነግርሃል። ካገኘሃቸው ኮፒውን አሳያቸው፣ ማን ምን እንደሚጫወት፣ ማን ክራር፣ ማን ዋሽንት እንደነበር ከየስሙ ፊት ለፊት በኮፒው ላይ ይጻፉልህ። አንድ ኮፒ ለእኔም በዝግጅት ክፍሉ በኩል ብትልክልኝ አልጠላም። የመርሐቤቴ ኪነት እኔ ዘንድ የለም።